ከፎቶው ጀርባ የተጻፈው 78

በዚህ ሴሚስተር “ከቤታችሁ አንድ ማስረጃ አምጡና ታሪኩን አጣሩ” የሚል ሥራ ሲሰጠን እኔ ይዤ የሄድኩት አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። አምስት ወጣት ባሕረኞች አንዲት ጀልባ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ከግራ ሁለተኛው፣ እጃቸው በፋሻ የታሰረው፣ የእናቴ አባት ናቸው። ከጀርባው በእስክሪብቶ “ምጽዋ 1/78” ይላል። ሌላ ምንም የለም።

አያቴ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ስለ ባሕር ኃይል ኑሯቸው ቤታችን ውስጥ የሚታወቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው አጎቴ የሚያወራው ነው፤ “አባባ የንጉሡ መርከብ ላይ ነበር” ይላል። ሁለተኛው እናቴ የማታወራው ነው። እናቴ የተወለደችው ታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ነው። አባቷ አልነበሩም። የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው ከአሰብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ደብዳቤም ብርም አልመጣም። መጥተው ያዩዋት ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። ሴት አያቴ “ሥራ ላይ ነበር” ከማለት አታልፍም። ሰፈሩ ግን “አሰብ ላይ ሌላ ቤት አለው” ብሎ አወራ። እናቴ ይህን እየሰማች አደገች።

ቀኑን ማጣራት

ፎቶው ሁልጊዜ አልበም ውስጥ ነበር። ማንም ከ1970 ጋር ያላገናኘው 78ቱን ሁላችንም “1978 ዓ.ም.” ብለን ስላነበብነው ነው። እኔ የተጠራጠርኩት ሴት አያቴን ስጠይቅ ነው። አያቴ ከባሕር ኃይል የተሰናበቱት በ1975 ሲሆን በ1978 አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ታዲያ በ1978 የባሕረኛ ልብስ ለብሰው ምጽዋ ምን ይሠራሉ?

መልሱ ያለው በዘመን አቆጣጠሩ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ዋናው ጣቢያ ምጽዋ ሲሆን በማደራጀቱና በማሠልጠኑ የኖርዌይና የእንግሊዝ መኮንኖች ነበሩበት። የሙያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ባሕረኛ ቀን ሲጽፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሊጽፍ ይችላል። ወደ እኛ ስንመልሰው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት እንቀንሳለን። እንግዲህ 1/78 ማለት ጃንዋሪ 1978 ነው፤ በእኛ ከታኅሣሥ 1970 መጨረሻ እስከ ጥር። እናቴ ያኔ የአራስ ልጅ ናት።

በዚያ ወር ምጽዋ ምን ላይ ነበረች? በ1970 መጀመሪያ ወራት የኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር (ሻዕቢያ) ወደ አስመራ የሚወስደውን መንገድ ቆርጦ፣ በታኅሣሥ የከተማዋን የየብስ ክፍል ያዘ። መንግሥት ጦር እጅ የቀሩት ወደቡ ያለባቸው ደሴቶችና የባሕር ኃይሉ ጣቢያ ነበሩ። በጨው ሜዳው ላይ በተደረገው ውጊያ ከሁለቱም ወገን ብዙ ወጣት አለቀ። ከበባው ለወራት ቆይቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብም ጥይትም የሚገባው በባሕር ነው።

ጀልባዋን ማጣራት

የአጎቴን ወሬ ለማጣራት “የንጉሡ መርከብ” የተባለችውን ፈለግሁ። ስሟ “ኢትዮጵያ” ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት “ኦርካ” ብለው ፓሲፊክ ላይ ያሰማሯት፣ በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የሰጧት፣ ወደ 95 ሜትር የምትረዝም መርከብ ናት። አፍንጫዋ ሹል ነው። የእኛ ፎቶ ላይ ያለችው ግን ጭራሽ አፍንጫ የላትም። ፊቷ እንደ ጭነት መኪና ስፖንዳ ጠፍጣፋ ነው፤ እሱም ተዘርግቶ መሬት ነክቷል።

እንዲህ ያለችው ላንዲንግ ክራፍት ትባላለች። የአሜሪካ ሥሪት የሆነች አንዷ ዓይነት 17 ሜትር ገደማ ናት። ሥራዋ ወደብ በሌለበት ዳርቻ ሰውና ዕቃ ማውረድ ነው። ሆዷ ዝርግ ስለሆነ ጥልቀት በሌለው ውኃ እስከ አሸዋው ትደርሳለች። ከፊት ያለው በር በብረት ገመድ እየተፈታ ይዘረጋና ወታደሩ ወይም መኪናው በእሱ ላይ ይወጣል። አስቸጋሪው መመለሱ ነው። አንዳንዶቹ ላንዲንግ ክራፍቶች ዳርቻው ሳይደርሱ ከኋላ መልህቅ ይጥላሉ፤ ሲመለሱ ገመዱን እየሳቡ ራሳቸውን ከአሸዋው ያላቅቃሉ። ማዕበል ጎኗን ከመታት ወደ ጎን ዞራ ዳርቻው ላይ ትቀራለች። አሸዋ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያ ከደፈነውም ሞተሩ ይግላል። ስለዚህ መካኒኩ ከሞተሩ ሊርቅ አይችልም። አያቴ ደግሞ መካኒክ ነበሩ።

ሰው ማግኘት

ወረቀት እዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚወስደው። በጎረቤት በኩል አንድ የቀድሞ ባሕረኛ አገኘሁ። ፎቶውን ስሰጣቸው መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም።

“ይሄ እጁን በሩ የበላው ነው” አሉ።

“በሩ ማለት አባባ?”

“የጀልባዋ በር። ገመዱ ተነክሶ አልወርድ አለ፤ ቁስለኛ ጭነናል። በእጁ ሊያላቅቀው ሲል ያዘው። ሁለት ጣቱን።”

የአያቴ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም ነበር። ጋራዥ ውስጥ የተጎዱ ነበር የሚመስለን።

ሰውየው እንደነገሩኝ ሁለቱም ከአሰብ በመርከብ የመጡት “ለአንድ ሳምንት” ተብለው ነው። ወራት ቆዩ። ሥራቸው ቆመው ከሚጠብቁ መርከቦች ውኃና ጥይት ወደ ዳርቻ፣ ቁስለኛ ወደ መርከብ ማመላለስ ነበር። በብዛት በሌሊት፣ ያለ መብራት። “ደብዳቤ ጻፉ?” አልኳቸው። “ጽፈናል። ግን ማን ያደርሰዋል ልጄ? ጀልባዋ ላይ ቦታ የነበረው ለቁስለኛ ነው።” ለምን በኋላ ለቤተሰብ እንዳልተነገረ ስጠይቃቸው ደግሞ ዝም ብለው ቆዩና፣ “ምኑን ነው የምትነግሪው? ወዲያ ማዶ የሞቱትም እኮ የኛው ልጆች ነበሩ” አሉ።

ለክፍል ጓደኞቼ

ከዚህ የተማርኩትን ባጭሩ ልበል። አንደኛ፣ ቀን ስታገኙ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳታውቁ አትመኑት። ሁለተኛ፣ በፎቶ ላይ ከሰው ፊት ይልቅ ዕቃው ብዙ ይናገራል። ሦስተኛ፣ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ቤተ መጻሕፍቱ ይቆይላችሁ፤ ቅድሚያ ለሰው ስጡ።

አጎቴ አሁንም “የንጉሡ መርከብ” ማለቱን አልተወም። እናቴን ግን ቅዳሜ ቡና ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ፎቶውን ተቀብላ ፋሻውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ሴት አያቴ ዞረች።

“እማዬ፣ ምጽዋ እንደነበረ ታውቂ ነበር?”

“አሰብ ነው ያለኝ” አለች አያቴ። “እጁንስ ጋራዥ ነው ያለኝ።”

በነጋታው እናቴ ፎቶውን ከአልበሙ አውጥታ ፍሬም ልታስገባለት ፒያሳ ወሰደችው። ጀርባው እንዳይሸፈን ብላ ባለሙያውን አስጠንቅቃዋለች።