ጉድባው ለምን ከውስጥ ሆነ?

በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ክሊንተንቪል የምትኖሩ፣ ከሰፈራችሁ ብዙም ሳትርቁ ወደ ደብሊን ብትዘልቁ በፌሪስ ራይት ፓርክ ሣር መሐል ክብና አራት ማዕዘን የአፈር ግድቦች ታያላችሁ። ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ብትነዱ ደግሞ ኒዋርክ ላይ ታላቁን ክብ ታገኛላችሁ። ከዳር እስከ ዳር 365 ሜትር ገደማ ነው። የሠሩት ዛሬ ሆፕዌል የሚባሉት፣ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። የብረት አካፋ ሳይኖራቸው፣ የጭነት ከብት ሳይኖራቸው ቆፍረው ያወጡትን አፈር በቅርጫት ተሸክመው ከመሩት።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ጉድባው ነው። ጠላት የሚፈራ ሰው ጉድባውን ከግድቡ ውጭ ይቆፍራል፤ አጥቂው እዚያ ሲወርድ ከላይ ሆኖ ይመታዋል። የታላቁ ክብ ጉድባ ግን ከውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ምሽግ የለም! ተመራማሪዎች ቦታውን የሥርዓትና የመሰባሰቢያ ስፍራ የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሕዝቡ የሚኖረው ሌላ ቦታ ነበር፤ ጥቂት ቤቶች ብቻ ባሉባቸው የተበታተኑ መንደሮች፣ የሱፍ አበባና ዱባ እየዘራ።

ግድብ በማረሻ ይጠፋል፤ ጉድባ ግን ቶሎ አይሞትም። ዝናብ ከላይኛው አፈር እያጠበ ይሞላዋል። የላይኛው አፈር ከታችኛው ይልቅ በማግኔት የሚሳቡ የብረት ማዕድናት ይበዙበታል፤ እሳት የነደደበት ምድጃም እንዲሁ። ስለዚህ ማግኔቶሜትር ይዞ እርሻ ላይ የሚመላለስ ባለሙያ አንዲት አካፋ ሳያነሳ፣ ለዓይን የማይታየውን ክብ በኮምፒውተር ላይ ያወጣዋል። የተቆፈረ ቅርስ ተመልሶ አይቆፈርምና ይህ ዘዴ ትልቅ ነገር ነው።

የጠፋው ግን ብዙ ነው። በኮሎምበስ መሐል ከተማ ማውንድ የተባለው ጎዳና ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረ ጉብታ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ንደው ሸክላውን ለጡብ ተጠቀሙበት። የኒዋርኩ ባለ ስምንት ማዕዘን የአፈር ግድብ ከመቶ ዓመት በላይ የጎልፍ ሜዳ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከታላቁ ክብና ከሌሎች ስድስት የኦሃዮ ስፍራዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ለሕዝብ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ታላቁ ክብ ሂዱ፤ ጉድባው ከየትኛው ወገን እንደሆነ እነሱ ራሳቸው ይፈልጉ።