ዘፈንና ሥነ ሥርዓት በቆቦ መድረክ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ፤ በስተ ምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ ከግራና ከቀኝ የያዙትን ሰፊ ሜዳ ያገኛል። ይህ ማሽላ የሚበቅልበት ሜዳ የራያ ቆላ ነው፤ በመካከሉም የቆቦ ከተማ ትገኛለች። አማርኛና ትግርኛ በአንድ ገበያ የሚሰማበት፤ ማኅሌትና መንዙማ ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር ስለ ሆነ ራያ ዘፈን አጥቶ አያውቅም። ዘፈኑ ወደ ቴአትር መድረክ ሲወጣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነው ስለዚሁ ስለሚጎድለው ነገር ነው።

እንደ ቆቦ ባሉ ከተሞች ወጣቶች ተሰብስበው በአዳራሽ ወይም በትምህርት ቤት ግቢ ዘፈን ያለበት ቴአትር ሲያሳዩ የተመለከተ ሰው የሚከተለውን ሳያይ አይቀርም፤ እኛም ከአንድ ጊዜ በላይ አይተነዋል። ታሪኩ የአንዲት እናት ታሪክ ነው እንበል። ልጇ ወደ ዓረብ አገር ሊሰደድ ተነሥቷል። እናቲቱ አንድ በሬ ሸጣ ለደላላ የሚከፈለውን ገንዘብ በመቀነቷ ቋጥራለች። ልጁ ሊሰናበታት ሲገባ አዳራሹ ጸጥ ይላል። በዚህ ጊዜ ከበስተ ኋላ ከበሮ ይመታል፤ የመሰነባበቻውን ዘፈን የምትዘፍነው ልጅ ትወጣለች። ድምፅዋ መልካም ነው። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ከፊት ወንበር አንድ ሰው ተነሥቶ ወደ መድረኩ ይወጣና ግንባርዋ ላይ ብር ይለጥፍላታል። ሌላውም ይከተለዋል። ድገሚው ይባላል፤ ትደግመዋለች። ሦስተኛም ይደገማል፤ ትከሻ መንቀጥቀጥ ይጀመራል፤ ሊሰደድ የነበረው ልጅ ራሱ ከጭፈራው ይገባል። እናቲቱ ግን ገንዘቡን እንደ ቋጠረች በመድረኩ ጥግ ቆማለች። የሚያያት የለም። ዘፈኑ ሲያበቃ ጨዋታው ይቀጥላል ይባላል፤ ነገር ግን የሚቀጥል ነገር የለም፤ ያ ጸጥታ አንድ ጊዜ ሄዷል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። የተማረው ወጣት፤ «ሕዝቡ ቴአትር አይገባውም፤ የሚወደው ጭፈራ ብቻ ነው» ይላል። ተጫዋቾቹ ደግሞ፤ «ሕዝቡ የወደደውን ሰጠነው፤ ምን አጠፋን?» ይላሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል። የቆቦ ሰው ዘፈን መውደዱ ጉድለት አይደለም፤ ዘፈን ያለበት ቴአትር ለዚህ አገር ከማናቸውም ዓይነት ቴአትር ይልቅ የተስማማ ነው። የጎደለው ዘፈኑን ከታሪኩ ጋራ አስሮ የሚይዘው ሥነ ሥርዓት ነው።

የተመልካቹ ልማድ ከየት እንደ መጣ መመርመር ያስፈልጋል። በዘመናዊ መልክ የተጻፈው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴአትር፤ በ1913 ዓ.ም. ገደማ የታየው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ነው፤ እንስሳትን እያናገረ አስተዳደርን የሚተች ስለ ነበረ ብዙ ሳይቆይ ታገደ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት፤ ይልቁንም የቅኔ ሰው የነበሩት ዮፍታሔ ንጉሤ፤ ግጥምንና ዜማን ከቴአትር ጋራ አዋሕደው አቀረቡ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ጠላት በድንበር ላይ ነበረና፤ ሕዝቡን ለማነሣሣት ንግግርና ዘፈን እየተፈራረቁ ይቀርቡ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ትልቅ አዳራሽ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ይህ ሁሉ የዋና ከተማው ታሪክ ነው፤ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ የደረሰው ጥቂቱ ነበር።

የገጠሩን ከተማ መድረክ በብዛት የሞላው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የመጣው የኪነት ቡድን ነው። በቀበሌ፤ በአውራጃና በክፍለ ሀገር ደረጃ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ከነዚህ ውስጥ መልካም ፍሬ ያፈሩ ነበሩ፤ በደሴ የነበረው የላሊበላ የኪነት ቡድን ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት ለአገር አስተዋውቋል። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች የወሰዱ ቅኝቶች ናቸው፤ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ሆነው በየቤቱ መሰማታቸው የእንዲህ ያሉ ሰዎች ድካም ውጤት ነው። ነገር ግን የኪነት ቡድን ብዙ ጊዜ የሚጠራው ለስብሰባ ነበር። ንግግር ይደረጋል፤ ዘፈን ይዘፈናል፤ አጭር ድራማ ይታያል፤ መፈክር ይሰማል፤ ደግሞ ዘፈን ይዘፈናል። ዘፈኑ የደከመውን ተሰብሳቢ ማንቂያ ነበር እንጂ የታሪክ ክፍል አልነበረም። ተመልካቹም ዘፈንን ለብቻው፤ ድራማን ለብቻው መቀበልን ለመደ። ዛሬ በመካከል ተነሥቶ ብር የሚለጥፈው ሰው የዚህ ልማድ ልጅ ነው። በአዝማሪ ቤት ሽልማት የጨዋታው አካል ነውና ደግ ሥራ ነው፤ በቴአትር መካከል ግን ልጇን የምትሸኝ እናትን ከመድረክ እንደ ማስወጣት ይቈጠራል።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካም ለብዙ ጊዜ በሙዚቃ ቴአትር ውስጥ ዘፈኑ ከታሪኩ ጋራ እምብዛም ሳይገናኝ፤ ዝነኛ ዘፋኝ ድምፁን እንዲያሳይ ብቻ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 የወጣው የሮጀርስና የሐመርስታይን «ኦክላሆማ» የታወቀበት አንዱ ምክንያት፤ ዘፈኑም ጭፈራውም ታሪኩን ወደ ፊት እንዲያራምዱ በመደረጋቸው ነው። ዘፈን ሲጀመር ታሪኩ አይቆምም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሰውየው ሲጀምር ከነበረበት ሌላ ቦታ ደርሷል። መለኪያው ይህ ነው። ዘፈኑ ቢወጣ ታሪኩ ምንም የማይጎድልበት ከሆነ፤ ዘፈኑ ያለ ቦታው ገብቷል ማለት ነው።

አሁን ይህን መለኪያ ወደ ቆቦዋ እናት እንመልሰው። ጭፈራው ለምን ከመጀመሪያው ላይ አይሆንም? ልጁ ገና በአገሩ ሳለ፤ በሰርግ ወይም በመኸር ደስታ፤ ከጓደኞቹ ጋራ ዱላውን ይዞ ሲጨፍር ተመልካቹ ይየው። ይጥገብ፤ አብሮ ያጨብጭብ። ከዚያ በኋላ የስንብቱ ሰዓት ሲደርስ ከበሮው ዝም ይበል። እናቲቱ በትዝታ ቅኝት ጥቂት ስንኝ ብቻ፤ ያለ አጃቢ ታዚም። ያን ጊዜ ማንም ብር ይዞ አይነሣም፤ አዳራሹ የሰማውን ከበሮ እያስታወሰ ይቀመጣል። ወጣቶቹ ቤቱን ጥለው የሚሄዱበት አገር ምን ያህል ጸጥ እንደሚል ያ የከበሮ ዝምታ ከንግግር ሁሉ አብልጦ ይነግረዋል። ይህን ለማድረግ አዲስ ዘፈን አያስፈልግም፤ ያለውን በየቦታው ማስቀመጥ ብቻ ነው። ነገር ግን ዘፋኟ ዝም በምትባልበት ቦታ ዝም ለማለት መፍቀድ አለባት፤ ከባዱም ይህ ነው።

አንድ ቀን በአንድ የወጣቶች ልምምድ ላይ ተገኝተን ነበር። አሥር ሰዓት ተቀጥሮ፤ መልካም ድምፅ ያላት አንዲት ልጅ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደረሰች። የቡድኑ ኀላፊ ቆጣ ብሎ፤ «ሰዓቱ ስንት ነው?» ቢላት፤ «ጋሼ፤ የኔ ዘፈን መጨረሻው ላይ አይደለም እንዴ? እስከዚያ ድረስ ምን እሠራለሁ ብዬ ነው» አለችው። ከበሮ የሚመቱት ሸምገል ያሉ ሰው ከተቀመጡበት ሳይነሡ፤ «ልጄ፤ ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ ሳትሰሚ ምን ብለሽ ልትዘፍኚ ነው?» አሏት። ልጅቱ አልመለሰችም፤ ነገር ግን በማግስቱ በሰዓቱ መጣች ሲሉ ሰማን።

ይህን የሽማግሌውን ቃል ታላቁ የሩሲያ የቴአትር መምህር ስታኒስላቭስኪም ቢሰሙት በወደዱት ነበር። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ የጥበብ ቴአትርን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፤ ስለ ተዋናይ ሥልጠና በጻፉት መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ አንድ ተማሪ እንቅልፍ ጥሎት ወደ ልምምድ ዘግይቶ እንደ መጣ ይተርካሉ። የአዘጋጁ ረዳት ተማሪውን በጓደኞቹ ፊት ገሥጾ የዚያን ቀን ልምምድ ፈጽሞ ይሰርዘዋል። ምክንያቱም ለሥራ የተነሣሣ የብዙ ሰው ልብ በአንድ ሰው ቸልተኝነት እንዲቀዘቅዝ ማንም መብት የለውም የሚል ነው። የዘገየው ሰው የወሰደው የራሱን ጊዜ ሳይሆን የሌሎችን መንፈስ ነው።

አንባቢው፤ «ይህ የሞስኮ ነገር ለቆቦ ልጆች ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሳችን፤ ሥነ ሥርዓቱ ከሞስኮ መምጣት አያስፈልገውም፤ ቆቦ ውስጥ አለ የሚል ነው። በፍልሰታ ጾም ፍቺ፤ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፤ በዋግ ሻደይ፤ በላስታ አሸንድዬ፤ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶቹ ለምለሙን ቅጠል ከወገባቸው አስረው፤ ተሰልፈው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። እስቲ አንባቢያችን በሚቀጥለው ነሐሴ ልብ ብሎ ይመልከታቸው። አንዲቱ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ተቀባይዋ ከአውጪዋ ቀድማ አትገባም። ከበሮውን የያዘችው ምቱን የምታፋጥነው የጭፈራው ጊዜ ሲደርስ ነው። የሚሰጠውን የምትይዝ አለች፤ ለብቻዋ አትወስደውም። ድምፅዋ ያማረው ልጅ ድምፅዋ ስላማረ ብቻ ከሰልፉ ወጥታ አትሄድም። ይህን ሁሉ የተጻፈ ደንብ ሳይኖር ከታላላቆቻቸው ተምረውታል።

ሶለል ብቻም አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በየወገናቸው ይቆማሉ፤ መቋሚያውና ጸናጽሉ የሚነሣበት፤ ከበሮው የሚመታበት ጊዜ የተወሰነ ነው። በመንዙማም መሪው ያወጣል፤ ጀመዓው ይቀበላል። እንግዲህ የራያ ልጅ ክርስቲያንም ሆነ እስላም መጠበቅንና መቀበልን ያደገበት ነው። ወደ ቴአትር መድረክ ሲወጣ የሚረሳበት ምክንያት፤ ዘመናዊ ጨዋታ ልቅ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። ይህ ስሕተት ነው። መድረክ ላይ የወጣ ሰው በሶለል ሰልፍ ውስጥ እንዳለች ልጃገረድ መሆን አለበት፤ የሚያወጣበትን ያውቃል፤ የሚቀበልበትንም ያውቃል።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ትልቅ ገንዘብ አይፈልግም። በመጀመሪያ፤ ልምምድ የሁሉም ነው፤ የመጨረሻውን ዘፈን የሚዘፍነውም ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ይቀመጣል። ሁለተኛ፤ ሽልማት ጨዋታው ካበቃ በኋላ ነው፤ ይህም መጋረጃው ሳይከፈት በጨዋ ቃል ለተመልካቹ ይነገራል፤ ገንዘቡም የሁሉም ሆኖ መብራት ለሚያበራውም ይደርሰዋል። ስንቱ ቡድን የፈረሰው በጥበብ ጉድለት ሳይሆን በሽልማትና በአበል ክፍፍል መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሦስተኛ፤ ተጫዋቹ በመድረክ ላይ ሳለ ከተመልካች መካከል ያለ ጓደኛውን አያይም፤ አይጠቅስም፤ አይሥቅለትም። አራተኛ፤ ድገም ቢባልም ታሪኩ ካልጠየቀ አይደገምም። ሕዝቡ መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ የታሪኩን ፍጻሜ ካየ በኋላ ግን ራሱ ዝም አሰኚ ይሆናል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተጫዋቾች ነው። ነገር ግን የዚህ ገጽ አንባቢዎች ከሆኑት ከተማሪዎችና ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም የሚጠበቅ ነገር አለ። በስምንት ሰዓት የተጠራ ቴአትር ሹሙ ስላልደረሰ እስከ አሥር ሰዓት ሲጠብቅ፤ የፊት ወንበር ባዶ ሆኖ ልጆቹ ከመጋረጃ ጀርባ ሲቆሙ፤ ሥነ ሥርዓት የጎደለው ማን ነው? ለሳምንት ስብሰባ በሦስት ቀን ድራማ አምጡ ተብለው ሲታዘዙ፤ መልእክቱም እንደ ደብዳቤ ተጽፎ ሲሰጣቸው፤ ተመልካቹ ዘፈኑን ብቻ ቢመርጥ ይፈረድበታልን? ወጣቱ ሹም ቡድኑን ሊረዳ ከፈለገ የልምምድ ቦታና በቂ ጊዜ ይስጠው፤ በሰዓቱም ገብቶ እስከ ፍጻሜው ይቀመጥ። ተማሪውም ለክረምት ወደ ቆቦ፤ ወደ ሮቢት ወይም ወደ ጎብዬ ሲመለስ ሕዝቡን ከመናቅ ይልቅ የአያቱን ታሪክ ጽፎ ለቡድኑ ያምጣ።

ነገሩ የጨዋታ ነገር ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ፤ ይህ አገር ያሳለፈውን ያስታውስ። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ዓለም በሙሉ ስሙን የሰማው ኮረም የራያ ጎረቤት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በቆቦ አልፏል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስንት ወጣት ባሕር ለመሻገር ወጥቶ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ኀዘን ሰው በገበያ ቆሞ አይናገረውም፤ በስብሰባም አይወጣለትም። በአዳራሽ ውስጥ ከጎረቤቱ ጋራ ተቀምጦ፤ የእርሱን ቤት የምትመስል ቤት በመድረክ ላይ ሲያይ ግን ሊወጣለት ይችላል። ይህ እንዲሆን እናቲቱ የምትናገረውን እስክትጨርስ ድረስ የሚጠብቃት ከበሮ መቺ፤ ዘፋኝና ተመልካች ያስፈልጋታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በቆቦ መጋረጃ ሲከፈት፤ የፊት ወንበር የያዘው ሰው ብሩን በኪሱ ይዞ ይቆይ። እናቲቱ ገና አልተናገረችም።