ስለ ዓባይ ለሚጠይቀን እንግዳ ምን እንመልሳለን?

በአገራችን ስለ ዓባይ የማይናገር ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ስለ ወንዙ መናገር የጀመርነው ወንዙን ከማወቃችን በፊት ነው። ቁጭቱንና ኩራቱን ከቤተሰብ ወርሰናል፤ የፍሰቱን መጠን፣ የውሎቹን ይዘትና የጎረቤቶቻችንን ሥጋት ያጠናን ግን ጥቂቶች ነን።

ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው አዲስ ሰው ወደ ውይይቱ ሲገባ ነው። አዲሱ ሰው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ለጥናት የመጣ የውጭ አገር ዜጋ፣ ወይም በባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ ከእኛ ልጆች ጎን የሚሠራ ግብጻዊ ወይም ሱዳናዊ ሊሆን ይችላል። «ግድቡ በድርቅ ዘመን ግብጽን አይጎዳም ወይ?» ብሎ በቅንነት ቢጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ በመልስ ፈንታ «አንተ የማን ወገን ነህ?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ከዚያ በኋላ ጠያቂው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ የሰማውን መፈክር መልሶ ያስተጋባል። በሁለቱም መንገድ የሚገኝ ዕውቀት የለም።

በእኛ አስተያየት የውይይቱ ችግር በአብዛኛው የሚመጣው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድነት ስለሚደባለቁ ነው። አንዱ የሚለካ ነው፤ ሁለተኛው የሚተረጎም ነው፤ ሦስተኛው በፍትሕ ሚዛን የሚመዘን ነው። ሦስቱን እየለያየን እንመልከታቸው።

የሚለካው

«የናይል ውኃ 86 በመቶ ከኢትዮጵያ ይመነጫል» የሚለውን አኃዝ ሁላችንም እናውቀዋለን። አኃዙ ከብዙ ዓመታት ልኬት የተገኘ ሲሆን የዓባይን፣ የተከዜንና የባሮ-አኮቦን ውኃ ያጠቃልላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አብረውት መነገር አለባቸው። አንደኛ፣ መጠኑ የተሰላው አስዋን ላይ በሚደርሰው ውኃ ነው። ነጭ ዓባይ በደቡብ ሱዳን በሚገኘው ሱድ በተባለው ረግረግ ውስጥ ሲያልፍ ከውኃው ግማሽ ያህሉን በትነት ያጣል፤ ስለዚህ አስዋን ላይ ያለው ድርሻ ያንሳል። ሁለተኛ፣ አኃዙ የዓመት አማካይ ነው። በክረምት የኢትዮጵያ ወንዞች ድርሻ ከዚህም ከፍ ይላል፤ በበጋ ግን የወንዙን ፍሰት በመደገፍ ረገድ ነጭ ዓባይ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው አኃዙ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እንጂ እንዴት መከፋፈል እንዳለበት የማይናገር መሆኑ ነው። እንዲሁም ግብጽ ከምትጠቀምበት ንጹሕ ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከናይል ማግኘቷ እውነት ነው። ይህም ችግሯን ያሳያል እንጂ የመብቷን ልክ አይወስንም። ሁለቱም አኃዞች ትክክል ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ግን አያፈርስም።

ስለ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም እንዲሁ ነው። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሰው ሠራሽ ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ አቅም አለው። ዓባይ በዓመት በአማካይ ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ ይዞ ድንበር ስለሚሻገር፣ ሐይቁ የአንድ ዓመት ተኩል ያህል ፍሰት ይይዛል ማለት ነው።

እንግዲህ «ግድቡ ውኃውን ይጠጣዋል» የሚለው አባባል ስሕተት ነው፤ ተርባይን ያሽከረከረ ውኃ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚቀነሰው በትነትና በስርገት የሚጠፋው ነው። በአንጻሩ «ግድቡ በታችኞቹ አገሮች ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም» የሚለውም ስሕተት ነው። የክረምቱን ጎርፍ ይቀንሳል፣ የበጋውን ፍሰት ከፍ ያደርጋል። ይህ ለሱዳን ከጎርፍ መከላከያ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሕዳሴ ግድብ በታች የሚገኘውን የሮዜሬስ ግድብ በደኅና ለማስተዳደር ስለሚለቀቀው ውኃ በወቅቱ መረጃ ማግኘት ያስፈልጋል።

የሚተረጎመው

ከቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው የውል ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል፣ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ይላል። በግብጽ በኩል ይህ ቃል የቅድሚያ ፈቃድ ግዴታ እንደሆነ ይነገራል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ውሉ የሚከለክለው ፍሰቱን ፈጽሞ ማቆምን እንጂ በውኃው መጠቀምን አይደለም የሚል ክርክር ይቀርባል። እንግዲህ ክርክሩ ያረፈው «ማቆም» በሚለው አንድ ቃል ላይ ነው፤ ይህንንም የትኛውም የፍሰት መለኪያ ጣቢያ አይፈታውም።

እ.ኤ.አ. በ1959 ግብጽና ሱዳን በተፈራረሙት ስምምነት ዓመታዊው ፍሰት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተብሎ ተሰላ። ከዚህም 55.5ቱ ለግብጽ፣ 18.5ቱ ለሱዳን ሲመደብ፣ ቀሪው 10 ቢሊዮን በትነትና በስርገት እንደሚጠፋ ተቆጠረ። ቁጥሮቹ ሲደመሩ 84 ይሞላሉ፤ ለኢትዮጵያ የተተወ አንድም ሜትር ኩብ የለም። ኢትዮጵያ የስምምነቱ ተካፋይ ስላልነበረች አትገደድበትም እንላለን። ይህን ስንል ግን በዚያ ድልድል ላይ ተመሥርተው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቦይ ቀድደው እርሻ ያለሙ ገበሬዎች መኖራቸውን መካድ አይኖርብንም።

የሚመዘነው

ሦስተኛው ጥያቄ የፍትሕ ነው። ቀድሞ የተጠቀመና ገና ያልተጠቀመ ወገን እንዴት ይካፈሉ? እ.ኤ.አ. በ1997 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የዓለም አቀፍ ወንዞች ስምምነት ሁለት መርሆችን ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም እንዲኖር፣ በሌላውም ላይ ጉልህ ጉዳት እንዳይደርስ። ለሰነዱ ድምፅ በተሰጠበት ጊዜ ኢትዮጵያም ግብጽም ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የላይኛው አገር ሁለተኛውን መርህ፣ የታችኛው ደግሞ የመጀመሪያውን በጥርጣሬ ያየዋል።

ተከታታይ ድርቅ ቢመጣ ከግድቡ ምን ያህል ውኃ ይለቀቅ? የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ወገን ነው። የሥነ ውኃ ባለሙያዎች እያንዳንዱ አማራጭ የሚያስከትለውን ውጤት ማስላት ይችላሉ፤ የትኛው ይመረጥ የሚለውን ግን ስሌቱ አይነግረንም። በአንድ በኩል ብዙ ሚሊዮን ሰዎች የኤሌክትሪክ ብርሃን የሚጠባበቁባት አገር አለች፤ በሌላ በኩል ዝናብ ፈጽሞ የማያውቀው የገበሬ ማሳ አለ።

ከዚህ በኋላ ለእንግዳው

እንግዲህ ጠያቂ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመን ጥያቄው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እንለይ። አኃዝ ስንጠቅስ የት ቦታና በየትኛው ወቅት እንደተለካ አብረን እንናገር። የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ስናስረዳ ባለቤቱ ቢሰማ «አዎን፣ የምለው ይህንኑ ነው» እንዲል አድርገን እናቅርብ። ከዚያ በኋላ የራሳችንን አቋም ሳናፍር እንግለጽ።

«እንዲህ ያለ ሚዛናዊነት አገርን አሳልፎ መስጠት አይሆንም ወይ?» የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን ተቃራኒውን እናምናለን። 86 በመቶ የሚለውን ብቻ ሸምድዶ ወደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሚሄድ ወጣት፣ «በየትኛው ጣቢያ? በየትኛው ወቅት?» የሚል የመጀመሪያ ጥያቄ ሲቀርብለት መልስ ያጣል። የአኃዙን ትርጉምና ወሰን የሚያውቀው ግን እውነቱን ጠብቆ ይከራከራል፤ ሌላው ወገን በድርቅ ዘመን መረጃ ይሰጠኝ ብሎ ሲጠይቅም ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ሳይፈራ ይቀበላል።

ግድቡ ተመርቋል፤ ክርክሩ ግን በምረቃው አላበቃም። ለሚመጡት ዓመታት ስለ ውኃ አለቃቀቅ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ዛሬ በክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እጁን አውጥቶ ስለ ድርቁ ሲጠይቅ ወገኑን አንመርምር፤ የፍሰቱን ሠንጠረዥ አውጥተን አብረነው እናንብብ።