ዝናቡ ለምን ቀረ?

በቦረና ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ገና ይባላል፤ ከስሙ በቀር ከበዓሉ ጋር አይገናኝም። ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር የሚጠበቀው ሃገያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ ከብቱ አለቀ። ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ላኒና ማለትም የሰላማዊ ውቅያኖስ ማዕከላዊና ምሥራቃዊ ወገብ መቀዝቀዝ መከሰቱ የሃገያን ዝናብ እንዳዳከመው ማንም አይክድም። የአየር ንብረት ለውጥን የሚጠራጠሩት ወገኖች ማብራሪያቸውን እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ሳይንቲስቶቹ ደግሞ ጥያቄውን ከዚህ ይጀምሩታል።

ዝናብ ለክርክር የተመቸ ነገር ነው። የዝናብ መለኪያ ሜዳ ላይ የተተከለ ቀላል ዕቃ ነው። ተመልካቹ ጠዋት የተጠራቀመውን ውሃ ምልክት ወዳለው የመስታወት ቱቦ ገልብጦ ያነባል፤ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሊትር ውሃ ነው። ነገር ግን ያ ቁጥር ስለ አካባቢው እንጂ ከጋራው ማዶ ስላለው ቀበሌ ብዙም አይናገርም። አንዱ መንደር በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ጎረቤቱ አቧራ ሊሆን ይችላል። በቆላማው አካባቢ ደግሞ ጣቢያዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ክፍተቱ የሚሞላው በሳተላይት ግምት ነው። የሙቀት መጠን እንዲህ ከቦታ ቦታ አይዘበራረቅም፤ ስለዚህ ተጠራጣሪው በሙቀቱ መዝገብ ላይ የሚያጣውን መግቢያ በዝናቡ ላይ ያገኛል።

ጠንካራው መከራከሪያቸው የመጣው ከአባይ ነው። በግብፅ ለረጅም ዘመን የሠራው እንግሊዛዊ የውሃ ተመራማሪ ሃሮልድ ኸርስት በካይሮ ባለችው ሮዳ ደሴት የተጻፈውን የብዙ መቶ ዓመታት የወንዙን ከፍታ መዝገብ መርምሮ በ1951 ባሳተመው ጥናት ጥጋብ ጥጋብን፣ እጥረትም እጥረትን ተከትሎ የመምጣት ዝንባሌ እንዳለው አሳየ። የወንዙን ከፍታ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የኢትዮጵያ ክረምት ስለሆነ ያ መዝገብ የደጋው ዝናብ ታሪክም ነው። ተመራማሪዎቹ ቤኖዋ ማንደልብሮት እና ጄምስ ዋሊስ በ1968 ክስተቱን በመጽሐፍ ቅዱሱ ሰባት የጥጋብና ሰባት የረሃብ ዓመታት ሰበብ «የዮሴፍ ውጤት» አሉት። ተጠራጣሪዎች ከዚህ ተነሥተው «ድርቁ ሁልጊዜ የነበረ ዑደት ነው» ይላሉ። ግሪካዊው የውሃ ሳይንቲስት ዴሜትሪስ ኩትሶያኒስም ከባልደረቦቹ ጋር በ2008 የአየር ንብረት ሞዴሎችን ካርቱምን ጨምሮ ከስምንት ጣቢያዎች መዝገብ ጋር አነጻጽሮ ሞዴሎቹ እንደማያስተማምኑ ጽፏል። መልሱ ሁለት ነው። ሞዴል የአንድን ጣቢያ ዝናብ በየዓመቱ ለመተንበይ አልተሠራም። ሁለተኛው የበለጠ ክብደት አለው፦ ኸርስት ያሳየው የዝናቡን ጠባይ እንጂ መንስኤውን አይደለም። የፀሐይ ዑደት መንስኤው ነው የሚሉም አሉ፤ በ11 ዓመቱ ዑደት ውስጥ የፀሐይ ኃይል የሚለዋወጠው ግን በ0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ አልቀናቸውም። ሜትሮሎጂስቱ ጁል ቻርኒ በ1975 ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው በሳህል የደረሰው ድርቅ የመጣው ከመጠን ያለፈ ግጦሽ መሬቱን ስላራቆተው እንደሆነ አስረዳ፤ እረኛው ተወቀሰ። በኋላ የተገኘው ማስረጃ ዋናውን ድርሻ ለውቅያኖሶች ሙቀት ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ እስካሁን ያልተፈታ እንቆቅልሽ አለ፦ አብዛኞቹ ሞዴሎች አካባቢው ወደፊት እርጥብ ይሆናል ሲሉ፣ የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ግን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ቀንሷል። ተጠራጣሪዎች ይህን የሞዴሎች ውድቀት ይሉታል። እንደ ክሪስ ፈንክ ያሉ ተመራማሪዎች ምክንያቱን በምዕራብ ሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ውስጥ ሲፈልጉ፣ ሌሎች ለተፈጥሮ መዋዠቅ ትልቅ ድርሻ ይሰጣሉ። በዚህ ነጥብ ላይ ተጠራጣሪዎቹ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። መልስ አልተገኘም ማለት ግን ሙቀት አማቂ ጋዝ እጁ የለበትም ማለት አይደለም።

የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በትነት ላይ ነው። ተጠራጣሪው የሚቆጥረው የወረደውን ውሃ ሲሆን፣ የእረኛው ኩሬ ግን ከላይ ወደ ሰማይም ይጎድላል። አየሩ በሞቀ ቁጥር ከአፈሩና ከሣሩ የሚመጥጠው እርጥበት ይጨምራል። በ2023 የታተመ የዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ጥናት የአየር ንብረት ለውጥ የመጋቢት–ግንቦትን ዝናብ እጥረት የመከሰት ዕድል በእጥፍ ገደማ ማሳደጉን ገመተ። ትነቱ ሲታከልበት ግን የዚያን ዓይነት ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ ሆነ። የዝናብ መለኪያውን ብቻ ያየ ሰው ይህን ቁጥር አያገኘውም።

በዚያው በ2023 መጨረሻ የላኒና ተቃራኒ የሆነው ኤልኒኖና የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል መሞቅ ተገናኙ። የሞቀ አየር በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላልና፣ ለሦስት ዓመት የከዳው ሃገያ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ተጠራጣሪዎች «ዑደቱ ተገለበጠ» አሉ። ሳይንቲስቶቹ ደግሞ የጥቅምት–ታኅሣሥ ዝናብ እየከበደ እንደሚሄድ ሞዴሎቹ ቀድመው ማመልከታቸውን አስታወሱ። በድርቁ ከብቱን ያጣው አርብቶ አደር በዚያን ጊዜ ከደራሽ ውሃ ወደ ከፍታ ይሸሽ ነበር።