የሴቶች እኩልነት በበረትና በጕድጓድ አጠገብ
ስለ አዲጋላና ስለ አካባቢው አርብቶ አደር ሴቶች

የአገር ልማት የሚገኘው ከሚሠራ እጅ ነው። የሚሠራው እጅ የማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ከብትን አረባለሁ፥ አገርን አለማለሁ ማለት ግን ዘሪውን ረስቶ መከሩን እንደ መቍጠር ነው። ስለዚህ የሴቶች እኩልነት የከተማ ሰዎች ወሬ ሳይሆን የወተት፥ የውሃና የከብት ጉዳይ መሆኑን ሕዝብን የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ቃላቸው በአገር የሚሰማ ታላላቆች ሁሉ ሊያስተውሉት ይገባል።

አዲጋላ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን፥ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ በደረሰው የባቡር ሐዲድ መሥመር ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚኖረው የኢሳ ሶማሌ ሕዝብ ግመል፥ ፍየል፥ በግና ላም እያረባ ዝናምን ተከትሎ ይዘዋወራል። ግመሉን ወደ ሩቅ ግጦሽ የሚነዳው ወንዱ ሲሆን፥ በሰፈር አጠገብ የሚውሉትን ፍየሎችና በጎች፥ ግልገሎችንና የታመሙትን የምትጠብቀው ሴቲቱ ናት። ቤቱንም የምትሠራው እርሷ ናት፤ እንጨቱን ጐብጣ፥ ምንጣፉን ሠርታ ትተክለዋለች፤ ሰፈሩ ሲነሣም ነቅላ በግመል ላይ ትጭነዋለች። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ ጕድጓዱ በራቀ መጠን ይህ ሸክም በእናትና በሴት ልጅ ላይ ይከብዳል፥ ልጂቱም ከትምህርት ቤት ትቀራለች።

ከሁሉ ይልቅ የወተቱ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ሴቶቹ የወተቱን ዕቃ በእንጨት ጢስ ያጥናሉ፤ ይህም ወተቱ በቆላ ሙቀት ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዘዋል። የቀድሞው ባቡር በየጣቢያው ሲቆም ወተታቸውን አሰባስበው ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ ገበያ ይልኩ ነበር። የወተት ገንዘብ በሴቲቱ እጅ ስለሚገባ ለልጆች እህል፥ ስኳርና ልብስ ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አገር አቋርጦ የሚያልፍ ባቡር ለወተት ሻጪቱም የሚጠቅም እንዲሆን ማሰብ የአስተዳዳሪ ፈንታ ነው። በ2008 ዓ.ም. ግድም በሲቲ ዞን የወረደው ጽኑ ድርቅ መንጋውን በጨረሰ ጊዜ፥ ከቤቱ አስቀድሞ የጠፋው ወተቱ ነበር፤ ከወተቱም ጋራ ሴቲቱ በራስዋ የምታዝዘው ገንዘብ ጠፋ።

ስለ ሕጉ ሲነገር፥ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ ራስ አድርጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች ንብረት የማፍራት፥ የማስተዳደርና የማዘዝ፥ በውርስም ከወንድ ጋራ እኩል የመካፈል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በቤተ ሰብ አስተዳደር እኩል አደረገ፤ ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፥ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ። በሸሪዓ የሚሰጠው መህር የሚስቲቱ የግል ገንዘብ ነው፤ ለሴት ልጅም የታወቀ የውርስ ድርሻ አላት። ይሁን እንጂ በብዙ ስፍራ ይህ እንኳ በልማድ ምክንያት ይቀርባታል። የቤተ ሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚታየው ሁለቱ ወገኖች ሲፈቅዱ ብቻ ስለ ሆነ፥ የሴቲቱ ፈቃድ በእውነት መጠየቁን መመርመር ይገባል።

የኢሳ ሕዝብ በቃል የሚተላለፍ ሄር ኢሴ የተባለ የታወቀ ሕግ አለው፤ በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች ጋራ መዝግቦታል። ክብሩ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚፈርዱት ወንዶች ናቸው። ሽማግሌዎቹን የሚያከብር ሹም፥ የሴቲቱ ነገር ከገዛ አንደበቷ እንዲሰማ በትሕትና ቢለምናቸው ሕጉን ያስከብረዋል እንጂ አያዋርደውም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1970 ዓ.ም. አገሮች ሁሉ የሴቶችን ቀን እንዲያከብሩ ጠይቋል፤ በእኛ አቈጣጠር የካቲት 29 ቀን ይውላል። በዚያ ቀን ንግግር ማድረግና መዝፈን መልካም ነው። ነገር ግን በማግሥቱ ጕድጓዱ እንደ ራቀ፥ መዝገቡም በባል ስም ብቻ እንደ ተጻፈ ከቀረ በዓሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በዓሉን በሥራ ለማክበር የሚወዱ ሹማምንት የሚከተለውን ቢያደርጉ ይበጃል።

1ኛ፤ ከድርቅ በኋላ ፍየልና በግ ሲታደል፥ የሚስቲቱ ስም ከባልዋ ጋራ ይጻፍ፤ ባል የሌላትም በራስዋ ስም ትመዝገብ። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲወጣ መደረጉ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው።

2ኛ፤ ጕድጓድ ወይም ኩሬ ከመቈፈሩ በፊት ስፍራውን ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ያመልክቱ፤ በውሃው ኮሚቴም ገንዘብ ያዥነቱ ይሰጣቸው።

3ኛ፤ በጣቢያውና በገበያው አጠገብ ለወተት ሻጮች ጥላና ንጹሕ ውሃ ይዘጋጅላቸው።

4ኛ፤ የእንስሳት ሐኪም ወደ ሰፈር ሲወርድ ትምህርቱን ለወንዶች ብቻ አይስጥ፤ የታመመችውን ፍየል አስቀድማ የምታያት ሴቲቱ ናትና።

5ኛ፤ የሴት ልጅ ግርዛትና ያለ ዕድሜ ጋብቻ በ1997 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጡ መሆናቸው፥ ከሃይማኖት አባቶችና ከሽማግሌዎች ጋራ ሆኖ በሚገባ ይነገር።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ በመዝገብ ላይ አንድ ስም መጨመር፥ በስብሰባም አንድ መቀመጫ መልቀቅ ነው። በመንጋዋ ላይ ሥልጣን ያላት እናት በክፉ ቀን ልጆቿን ታድናለች፤ ልጆች የዳኑለት ወረዳም በሚመጣው ዓመት ከብቱን የሚጠብቅለት አያጣም።