ያውቁ ኖሯል? ከልደታ እስከ አዋሽ ዳር

ልደታ ማርያም አካባቢ የሚዘንበው ዝናብ በትንሹ አቃቂ ወንዝ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ደርሶ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ግን ባሕር አያውቅም፤ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1934 ወንዙን ተከትሎ እዚያ የደረሰው እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

እሱ የሄደው በግመል ነበር። ዛሬ ላንድክሩዘር ያለው ሰው ጠዋት ከልደታ ተነሥቶ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ፣ ከሰዓት በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ድንኳኑን ይተክላል።

የግንቦት ልደታን ንፍሮ ቀምሰው የሚወርዱ ካሉ ግን ይዘጋጁ። በዚያ ወቅት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ የመኪና በር እጅ ይለበልባል። ከምግቡ በፊት የውሃውን ጀሪካን ይጫኑ።

ወንዙ ዳር ሰው ሁሉ የሚፈራው አዞን ነው። ለድንኳን የባሰው ግን ጉማሬ ነው፤ ሲመሽ ከውሃ ወጥቶ ሣር ሊግጥ በለመደው ዱካ ይሄዳል። ዳርቻው ላይ ሣሩ ተረግጦ ቦይ የመሰለ፣ ወደ ውሃው የሚወርድ መንገድ ካዩ ድንኳንዎን ከዚያ ያርቁ።