ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ልጆች፦ ጆሮ፣ ድምፅና ንግግር

ኤችአይቪ በደማቸው ባለባቸው ልጆች ላይ ተደጋግሞ የሚታየው የጆሮ ችግር የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን ነው። የሰውነት የመከላከል አቅም ሲዳከም ሕመሙ ይመላለሳል፤ ታምቡሩ ይበሳል፣ መግል ለሳምንታት ይፈሳል፣ ድምፅም ወደ ውስጠኛው ጆሮ በደንብ አይደርስም። ቤተሰብ ችላ የሚለው ይህ ፈሳሽ ልጁን ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜ ከትምህርቱ ያስቀረዋል። ከኋላ ወንበር ሆኖ ሲጠሩት ዝም የሚል ተማሪ «እልኸኛ» ከመባሉ በፊት ጆሮው ቢመረመር ይሻላል።

ማጅራት ገትርና ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ደግሞ ውስጠኛውን ጆሮና የመስማት ነርቭን ይጎዳሉ፤ ይህ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይድንም። መድኃኒትም ጆሮ ይጎዳል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በመርፌ ይሰጥ የነበረው ካናማይሲን የመስሚያ ሕዋሳትን ይገድላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ እንዳይሰጥ መክሯል።

የድምፅ መጎርነን የሚመጣው ከአፍ ወደ ጉሮሮ በሚወርድ ፈንገስ ወይም በድምፅ አውታሮች ላይ በሚበቅል ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። ኤችአይቪ አንጎልን ሲያጠቃ ግን ነገሩ ይከብዳል፦ አፍ መፍታት ይዘገያል፣ «እማዬ» ይል የነበረ ሕፃንም የለመዳቸውን ቃላት ሊያጣ ይችላል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በጨቅላነት ከተጀመረ ይህ የአንጎል ጉዳት በእጅጉ ይቀንሳል፤ የተበሳ ታምቡር ግን የራሱን ሕክምናና የመስማት ምርመራ ይፈልጋል።